ነፍሰ ጡር በአየር ጎዳና፤ ከጋአን ሊባህ እስከ እናት ቤት

በደጋው አገራችን ከጥንት የኖረ አንድ ልማድ አለ። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሴት የመውለጃዋ ወራት ሲቃረብ ከባሏ ቤት ተነሥታ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች፤ እዚያም እናቷና እኅቶቿ ከበዋት፣ ጎረቤቱም «ማርያም፣ ማርያም» እያለ እመቤታችንን እየተማጸነላት በሰላም ትገላገልና የአራስነቷን ወራት ገንፎዋን እየበላች ትፈጽማለች። ባልና ሚስት በአንድ አውራጃ ተጋብተው በሚኖሩበት ዘመን ይህ ልማድ ከአንዱ አጥቢያ እስከ ሌላው በበቅሎ ከመጓዝ የበለጠ ድካም አልነበረበትም። ዛሬ ግን ብዙ ኢትዮጵያውያን እንጀራ ፍለጋ ወደ ሐርጌሳ ወርደው በልዩ ልዩ የከተማይቱ ክፍሎች፣ ከእነዚህም አንዱ በሆነው በጋአን ሊባህ፣ ኑሯቸውን ስለሚመሠርቱ፣ የልጅቱ እናት ደግሞ በደሴ ወይም በደብረ ብርሃን ስለሚቀሩ፣ ያ ቀላል የነበረ ልማድ ድንበር የሚያሻግርና አየር የሚያስቀዝፍ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህም ነፍሰ ጡሯ፣ ባሏም፣ ምክር የሚለግሱ ጎረቤቶችም አንድ ጥያቄ ያነሣሉ፤ አውሮፕላን ጽንሱን ይጎዳ ይሆን?

ከሐርጌሳ በምድር የሚመጣ ሰው በቶጎ ውጫሌ ድንበሩን ተሻግሮ፣ ጅግጅጋንና ሐረርን፣ ከዚያም የጨርጨርን ተራሮችና የአዋሽን ቆላ አልፎ አዲስ አበባ እስኪገባ ድረስ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። በአየር ግን ከሐርጌሳው ኢጋል አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ቦሌ ያለው ቀጥተኛ ርቀት 600 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነውና በረራው ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል። ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ፣ መካሪው ሁሉ ለነፍሰ ጡር ሴት አውቶቡሱን ሲመርጥላት ይሰማል፤ ምክንያቱም ሌላ ሳይሆን አውቶቡስ መሬት የማይለቅ በመሆኑ ነው። በእኔ አስተያየት ግን በዚህ ነገር ሰው የሚፈራውና በእውነት የሚያስፈራው ስፍራ ተለዋውጠዋል። እርግዝናዋ ጤነኛ ለሆነ ሴት የሰማዩ አየር ጠላቷ አይደለም፤ ጠላቷ ምጥ ወይም ደም መፍሰስ ከአዋላጅና ከሐኪም በራቀችበት ሰዓት ቢደርስባት ነው፤ ይህም በአውሮፕላን ከሁለት ሰዓት ለማይበልጥ ጊዜ፣ በአውቶቡስ ግን ቀኑን ሙሉ የሚከተላት አደጋ ነው። የአሜሪካ የማኅፀንና የጽንስ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክር፣ የተለየ ሕመም የሌለባት ነፍሰ ጡር አልፎ አልፎ በአውሮፕላን ብትጓዝ ጉዳት እንደማያገኛት ያረጋገጠ ሲሆን፣ የእንግሊዝ ሐኪሞች ማኅበርም ከዚህ የራቀ ፍርድ አልሰጠም።

ስለ አየሩ ጥቂት ረዘም አድርጎ ማስረዳት ይገባል፤ ፍርሃቱ ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነውና። አንድ ጄት አውሮፕላን 11,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ሲበር በውጭ ያለው አየር እጅግ ከመሳሳቱ የተነሣ ሰው ተንፍሶት ሊኖር አይችልም። ስለዚህ አየር በመሣሪያ እየተጨመቀ መንገደኞች ወደ ተቀመጡበት ክፍል ይገባል፤ ሆኖም የተጨመቀው አየር በባሕር ዳርቻ እንዳለው አየር ወፍራም አይደረግም፤ የአውሮፕላኑ አካል ያን ያህል ግፊት እንዲሸከም ቢሠራ ክብደቱ ይበዛልና። በዓለም ላይ የጸናው ደንብ፣ የመንገደኞች ክፍል አየር በ8,000 ጫማ፣ ማለትም በ2,438 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር የበለጠ እንዳይሳሳ ያዝዛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ የተረከበው ቦይንግ 787 ደግሞ ከዚህ ይሻላል፤ የእርሱ የውስጥ አየር ከ6,000 ጫማ፣ ይኸውም ከ1,830 ሜትር ያህል ከፍታ አየር በላይ አይሳሳም።

እንግዲህ አንባቢ እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ወደ አገሩ ተራሮች ይመልከት። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ራሱ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ተቀምጧል፤ ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ናት። የለንደን ወይም የጅዳ ሰው አውሮፕላን ውስጥ ገብቶ «አየሩ ሳሳብኝ» ቢል እውነት አለው፤ የደብረ ብርሃን እናት ግን እንጀራዋን ስትጋግር፣ ውሃ ስትቀዳ፣ ጽንሷን ተሸክማ ዳገት ስትወጣ፣ የአውሮፕላን ደንብ ከሚፈቅደው በሚበልጥ ስስ አየር ውስጥ ዘጠኝ ወር ሙሉ ትኖራለች፤ የአዲስ አበባዋም በ787 ተሳፍራ ወደ ሩቅ አገር ስትበር ከሳሎኗ አየር ይልቅ ወፍራም አየር ትተነፍሳለች። ሐርጌሳ ከ1,300 ሜትር ጥቂት ከፍ የምትል ከተማ ስለሆነች፣ ከጋአን ሊባህ የምትነሣው ነፍሰ ጡር በበረራ ላይ በመጠኑ ከፍ ወዳለ አየር መውጣቷ አይቀርም፤ ነገር ግን ቦሌ ደርሳ በሩ ሲከፈት የሚቀበላት አየር በክፍሉ ውስጥ ከነበረው ብዙ የማይለይ ነው። አውሮፕላኑን ፈርታ በአውቶቡስ ብትመጣም መድረሻዋ ያው ስስ አየር ነው፤ ከእናቷም ቤት በዚያው አየር ወራት ትቀመጣለች እንጂ በሁለት ሰዓት አትገላገለውም።

ፍርሃቱ ያለ ምክንያት የተወለደ እንዳይመስል አንድ የታሪክ ነገር ልጨምር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን መንገደኛ ይዞ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲበር የተጠቀመበት የዳግላስ አውሮፕላን አየር የሚጨመቅበት ክፍል አልነበረውም። በዚያ ዘመን መንገደኛው አብራሪው በደረሰበት ከፍታ ሁሉ የዚያኑ ከፍታ አየር ይተነፍስ ነበር፤ ተራሮቻችንን ለመሻገር ደግሞ ከተራሮቹ በላይ መውጣት ግድ ነው። በዚያ ጊዜ ራሱን ያዞረውና ያቅለሸለሸው ሰው ለልጆቹ የነገረው ቃል፣ አውሮፕላኑ ከተለወጠ ከብዙ ዘመን በኋላ እስከ ዛሬ ሳይለወጥ ቢኖር አያስደንቅም።

በማኅፀን ያለው ጽንስ ደግሞ ከእናቱ ይልቅ ለስስ አየር የተዘጋጀ ነው። የጽንስ ደም ከትልቅ ሰው ደም የተለየ ሄሞግሎቢን ስላለው ኦክሲጅንን አጥብቆ ይይዛል፤ በእንግዴ ልጁ በኩል የሚደርሰው ኦክሲጅን በተፈጥሮው ጥቂት በመሆኑ ጆሴፍ ባርክሮፍት የተባሉ የብሪታንያ ሊቅ የጽንስን ኑሮ በኤቨረስት ተራራ ጫፍ ከመኖር ጋር አመሳስለውታል። ፈጣሪ ለዚህ ኑሮ ያሰናዳውን ፍጥረት የአውሮፕላን ክፍል በቀላሉ አያውከውም። የዙሪክ ሐኪሞች በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ነፍሰ ጡሮችን በአውሮፕላን አሳፍረው የጽንሶቻቸውን የልብ ምት በበረራ ላይ ሲለኩ ከተለመደው የወጣ አላገኙም። ስለ እኛው ደጋ ሰዎችም አሜሪካዊቷ ሊቅ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት አለ፤ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአማራ ገበሬዎች በደማቸው ያለው ሄሞግሎቢንም ኦክሲጅንም በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ መገኘቱን የሚገልጽ ነው። ይህ ሲባል ግን ደጋ መወለድ ለደም ማነስ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም። ሄሞግሎቢኗ በዴሲ ሊትር ከ7.5 ግራም በታች የወረደ ነፍሰ ጡር፣ የትም ትወለድ የት፣ ደሟ ሳይታከም መብረር አይገባትም።

ከሰማይ ስለሚወርደው ጨረርም የሚጠይቁ አሉ። እርሱን በአጭሩ እናልፈዋለን። አትላንቲክን አንድ ጊዜ መሻገር ለመንገደኛ የሚሰጠው ጨረር 0.05 ሚሊሲቨርት ያህል ሲሆን፣ በሥራቸው ምክንያት ጨረር ለሚያገኛቸው እናቶች ጽንስ የተወሰነው መጠን ለእርግዝናው ዘመን ሁሉ 1 ሚሊሲቨርት ነው፤ የምድር ማግኔታዊ ኃይልም ወደ ምድር ወገብ በቀረቡ አገሮች ከጨረሩ ብዙውን ስለሚመክት የሐርጌሳና የአዲስ አበባ በረራ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ይህ ጉዳይ የሚያሳስበው ወሩን ሙሉ በአየር ላይ የምትውለዋን የበረራ አስተናጋጅ ነው። በአውሮፕላን ማረፊያ ያለው የብረት መፈተሻ በርም ራጅ ስላልሆነ ሊፈራ አይገባም።

ከዚህ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም መርጋቱ ነው። እርግዝና በራሱ ደምን ለመርጋት የተዘጋጀ ያደርገዋል፤ ይህም በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም እንዳይፈስ የተፈጥሮ ጥበብ ነው፤ ነገር ግን ሴቲቱ ለረዥም ሰዓት እግሯን አጥፋ ስትቀመጥ ያው ጥበብ ይዞርባታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2007 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ከ4 ሰዓት በላይ ተቀምጦ የሚጓዝ ሰው ደም የመርጋት አደጋው እጥፍ እንደሚሆን፣ ይሁን እንጂ ለጤነኛ ሰው ከ6,000 አንድ ያህል እንደሆነ ገልጿል። በዚያው ጥናት ውስጥ ልብ ሊባል የሚገባው፣ አደጋው የሚመጣው ከመቀመጡ እንጂ ከመብረሩ አለመሆኑ ነው፤ አውቶቡሱም፣ ባቡሩም፣ መኪናውም ያው ናቸው። ስለዚህ ከሐርጌሳ በምድር የምትመጣው ነፍሰ ጡር አውሮፕላንን ሸሽታ ወደዚሁ አደጋ በገዛ እጇ ትገባለች። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የምትበረው ደግሞ በመተላለፊያው በኩል ያለውን ወንበር ትጠይቅ፤ በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነሥታ ትንሸራሸር፤ የክፍሉ አየር ደረቅ ነውና ውሃ ታብዛ፤ ሐኪም ካዘዘላትም እግር የሚያጠብቅ ካልሲ ትልበስ። የወንበሩ ቀበቶ ከሆዷ በታች፣ በዳሌዋ ላይ ይታሰር እንጂ በሆዷ ላይ አይረፍ፤ ነውጥ ያለማስጠንቀቂያ ስለሚመጣም ተቀምጣ ባለችበት ጊዜ ሁሉ አትፍታው። በጾም ወራት የምትጓዝም ከሆነች፣ አየሩ ሲሳሳ በአንጀት ያለ ነፋስ በሢሶ ያህል ስለሚያብጥ፣ በመሳፈሪያዋ ቀን ሽሮና ባቄላ ቢቀርባት ደስ ብሏት ትደርሳለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ብዙዎቹ አየር መንገዶች ነፍሰ ጡሯ 28 ሳምንት ከሞላት የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ፤ የዓለም አቀፍ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የሕክምና መመሪያም አንድ ልጅ ላረገዘች እስከ 36 ሳምንት፣ መንታ ላረገዘች እስከ 32 ሳምንት ድረስ በረራ የሚፈቀድ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ገደብ ሰማዩ በ37ኛው ሳምንት መርዛም ስለሚሆን የተደረገ አይደለም፤ አስተናጋጅን አዋላጅ፣ መተላለፊያን ማዋለጃ ክፍል ከማድረግ ለመዳን ነው። ስለዚህ ወረቀቱን የሚጠይቀውን ሠራተኛ እንደ ክፉ መቁጠር አይገባም።

ችግሩ ያለው በአቆጣጠሩ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን ከጌታ ጽንሰት ከመጋቢት 29 እስከ ልደቱ እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን ስለምትቆጥር ይህ የቀን ልክ በሕዝባችን አእምሮ ጸንቶ ኖሯል፤ ሐኪሞች ግን ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን ጀምረው 280 ቀን፣ ማለትም 40 ሳምንት ይቆጥራሉ፤ ይህ መነሻ ሴቲቱ ከፀነሰችበት ቀን ሁለት ሳምንት ያህል ይቀድማል። እንግዲህ ከፀነሰችበት ቀን ቆጥራ «ገና ሰባት ወሬ ነው» የምትል እናት፣ 210 ቀኗ ላይ 14 ሲጨመርበት 224 ቀን ይሆናልና፣ በአየር መንገዱ መዝገብ 32 ሳምንት ሞልቷታል፤ መንታም ከያዘች ከመጨረሻው ገደብ ላይ ቆማለች። በእናት ቤት የመውለድ ልማድ ደግሞ ሴቲቱን ከቤቷ የሚያስነሣት በሰባተኛውና በስምንተኛው ወር በመሆኑ፣ ልማዱና ደንቡ የሚጋጩት በዚሁ ሰዓት ነው። ሌላም ጥቃቅን የሚመስል ነገር አለ፤ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ብቻ የተጻፈ የሐኪም ወረቀት፣ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስለሚሄድ፣ ለውጭ አገር ሠራተኛ ያረጀ ወረቀት ሊመስለው ይችላል። ወረቀቱ በእንግሊዝኛና በአውሮፓ አቆጣጠር ይጻፍ፤ የመውለጃው ግምት ቀን፣ የሳምንቱ ብዛት፣ ጽንሱ አንድ ወይም መንታ መሆኑም ይገለጽበት። ደርሶ መልስ የምትሄድም የመመለሻዋን ቀን ሳምንት አስቀድማ ትቁጠር።

በአየር ላይ መውለድ ለአገራችን ሰዎች ሩቅ ወሬ አይደለም። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ያህል ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በተጓጓዙ ጊዜ፣ ወንበሩ ወልቆ በተጫነው በአንዱ ቦይንግ 747 ብቻ ከ1,080 በላይ ነፍስ ተሳፍሮ ነበር፤ በበረራም ላይ ሕፃናት ተወልደዋል። ከነዚያ እናቶች ብዙዎቹ ከጎንደር ደጋ ወጥተው በአዲስ አበባ ወራት የተቀመጡ ነበሩና የክፍሉ አየር አዲስ አልሆነባቸውም፤ ሆኖም ያ የመከራ ቀን ሥራ ነው እንጂ ትኬት ገዝቶ ለሚሄድ ሰው ሥርዓት ሊሆን አይችልም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የአፍጋኒስታን ስደተኞችን ባሳፈረ አንድ የአሜሪካ የጦር አውሮፕላንም ላይ ምጥ የያዛት እናት ደም ግፊቷ ቢወርድባት፣ አዛዡ የክፍሉን አየር ለማወፈር ዝቅ ብሎ በሮ፣ ጀርመን እንዳረፈ እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ ወልዳለች። እንዲህ ያለ ነገር በሰላም ጊዜ እምብዛም አይገጥምም። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት በአምስት አየር መንገዶች ከደረሱ 11,920 የበረራ ላይ ሕመሞች መካከል ከማኅፀንና ከእርግዝና ጋር የተያያዙት 61 ብቻ ሆነው አግኝቷቸዋል።

ከመብረር የሚከለከሉት እነማን እንደሆኑ ሐኪም ሊለያቸው ይገባል፤ ደም የሚፈስሳት፣ እንግዴ ልጁ የማኅፀኗን አፍ የዘጋባት፣ የሽርት ውሃዋ የፈሰሰ፣ በእርግዝና የመጣ ከባድ የደም ግፊት ያለባት፣ ያለ ጊዜ የመውለድ ምልክት የታየባት፣ ከባድ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባት ሴት በሁለት ሰዓትም በረራ አትሞክር። እነዚህ ግን በአውቶቡስም ሊጓዙ አይገባም። ለጤነኛይቱ የተመረጠው ወራት ከ14ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ያለው ነው፤ ማቅለሽለሹ ጋብ ያለበት፣ የውርጃው ስጋት የቀነሰበት፣ ሆዱም ገና ያልከበደበት። መድረሻዋ ወባ ያለበት ቆላ ከሆነ ደግሞ ከበረራው ይልቅ የሚያስፈራት ወባው ነውና አጎበሯን አትርሳ፤ ስለ ቢጫ ወባ ክትባትም፣ ሕያው ክትባት በመሆኑ፣ ሐኪሟን ሳታማክር አትወስን።

ሐርጌሳንም አዋላጅ የሌለባት ምድረ በዳ አድርጎ ማሰብ ስሕተት ነው። በለንደን ተምረው የመጀመሪያይቱ የሶማሌ ባለሙያ አዋላጅ ነርስ የሆኑት ወይዘሮ ኤድና አደን ኢስማኤል በ2002 እ.ኤ.አ. በዚያች ከተማ ትልቅ የእናቶች ሆስፒታል ከፍተው ብዙ አዋላጆችን አሠልጥነዋል። የከተማይቱ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጠራበት ሙሐመድ ሐጂ ኢብራሂም ኢጋልም የእኒሁ አዋላጅ ባለቤት የነበሩ ፖለቲከኛ ናቸው፤ ከዚህ የተነሣ ከሐርጌሳ የምትበር ነፍሰ ጡር ትኬቷ ላይ የባልን ስም፣ በከተማው መካከል ደግሞ የሚስትን ሥራ ታገኛለች።

ስለዚህ ልጅቱ በጊዜ ከታሰበላት በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ወሯ፣ የክትትል ካርዷን ይዛ፣ ትኬቱ ሳይቆረጥ አስቀድማ አዋላጇንና አየር መንገዱን ጠይቃ ወደ እናቷ ትብረር። ወሯ ከገፋ ግን ባሏ አያጣድፋት፤ ለእርሷ የታሰበው ትኬት ለእናቷ ይቆረጥና እናቲቱ ገንፎውን ለማገንፋት ከደሴም ሆነ ከደብረ ብርሃን ተነሥተው ወደ ጋአን ሊባህ ይምጡ።